ከሮቤ ወደ ሮቤ
ስለ ተላላፊ በሽታ፣ ስለ ምርመራና ስለ ተማሪዎች ጉዞ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



በአገራችን ሮቤ የሚባሉ ሁለት ከተማዎች መኖራቸውን ከመካከላችሁ በዝውውርና በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ የቈያችሁት ሳታውቁት አትቀሩም። አንደኛው ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ኢተያ ላይ ተገንጥለው የሚሄዱበት የአርሲው ሮቤ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አሰላን፣ በቆጂን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈው፣ የዲንሾንም ብርድ ቀምሰው የሚደርሱበት፣ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት የባሌው ሮቤ ነው። ወደ አንደኛው የተጻፈ ደብዳቤ በስሕተት ወደ ሌላው ቢሄድ የሚደንቅ ነገር አይደለም፤ ጉዳቱም ቀላል ነው። ደብዳቤ አይርበውም፤ አይበርደውም፤ በሽታም ይዞ አይዞርም። እኔ ዛሬ ማታ የማጫውታችሁ ግን ስለ ደብዳቤ ሳይሆን፣ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ከባሌው ሮቤ ተነሥታ ወደ አርሲው ሮቤ ስለ ተጓዘች አንዲት ተማሪና በእርስዋም ጉዞ ላይ ስለ ታየው የደንብና የበሽታ ነገር ነው።

አስቀድሞ ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ኮቪድ 19 የተባለው በሽታ ዓለምን ያዳረሰ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን ነበረ። በሁለተኛው ቀን፣ ማለት መጋቢት 4 ቀን፣ ከቡርኪና ፋሶ ወደ አገራችን በመጣ አንድ ጃፓናዊ ላይ በሽታው መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበትም ጉዳይ ሁሉ ተከለከለ። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ከውጭ አገር የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ በገዛ ወጪው ሆቴል ገብቶ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቈይ ታዘዘ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እነሆ፣ ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ወር ውስጥ ነው።

በዚያው ወር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሰጠው ትእዛዝ ሁለት ዐይነት ነበረ። መጀመሪያ ትምህርቱ ቢቋረጥም ከግቢያችሁ አትውጡ ተባሉ፤ ጥቂት ቀን ቈይቶ ደግሞ ወደየወላጆቻችሁ ሂዱ ተባሉ። ብዙ ሰው ይህን እንደ መወላወል ቈጥሮ ነቅፎታል። እኔ ግን ነቀፋው ተገቢውን ቦታ አላገኘም እላለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ትእዛዞች በየፊናቸው እውነት ነበራቸው። ተማሪው ከግቢው ይቈይ ያለው ሰው የሚያስበው፣ ከየአገሩ ተውጣጥቶ በአንድ ግቢ የኖረ ወጣት በሽታውን ይዞ ሐኪም ቤት በሌለበት ቀበሌ ወደምትኖር አያቱ እንዳይሄድ ነው። ይሂድ ያለውም የሚያስበው፣ ስድስትና ስምንት ልጆች በተደራረበ አልጋ በአንድ ክፍል በሚያድሩበት፣ ሺሕ ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰልፎ እንጀራ በሚቀበልበት ግቢ አንድ ሰው ቢታመም ሕንጻው ሁሉ ሊታመም እንደሚችል ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ መመለስ የሚገባው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም በሽታው ከአጥሩ ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለው ነው። ይህን የሚመልሰው ምርመራ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ምርመራው የሚደረገው አዲስ አበባ በሚገኘው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነበረ። ያም ቢሆን አዲስ ነገር ነበረ፤ በጥር ወር የተጠረጠሩት ሰዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበርና። ስለዚህ የበላይ ባለሥልጣኖች በባሌና በአርሲ ደጋ ላይ ላሉ ተማሪዎች የወሰኑት ሳያዩ፣ በግምት ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ መርፌ የሚፈልግ ሰው እጁን አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ቢሰድድ ወላዋይ ነህ አይባልም፤ መብራቱ የታለ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። የአንድ የሥራ ባልደረባዬ የወንድም ልጅ ናት፤ አባትዋ በአርሲው ሮቤ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሂዱ በተባሉ ጊዜ ልብስዋንና መጽሐፎችዋን ጠቅልላ፣ የተማሪነት ወረቀትዋን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። በመንገድ ላይ፣ ስሙን በማልጠራው ቦታ፣ የመንገደኞችን ትኩሳት የሚለኩና ወረቀት የሚመረምሩ ሰዎች መኪናውን አቆሙት። ተራው ሲደርሳት ወረቀትዋን ሰጠች። መርማሪው «መነሻ፣ ሮቤ፤ መድረሻ፣ ሮቤ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበና፣ «እንግዲያው አልሄድሽም ማለት ነዋ!» አላት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እርስዋም ሁለት ሮቤ መኖሩን ልታስረዳው ሞከረች፤ እርሱ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ስለ ነበረ ወረቀቱን ሐሰተኛ ነው ብሎ ያዘው። አለቃ እስኪመጣ ይጠበቅ ተባለ። አለቃው ሳይመጣ መሸ። ከኋላ የመጡትም መኪናዎች በየምክንያቱ እየቆሙ፣ ከአራት ከአምስት ስፍራ የመጡ ተማሪዎች በአንድ ጠባብ ግቢ ተሰብስበው፣ ብርዱ ስለ በረታም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ በአንድ ኩባያ ሻይ እየተቀባበሉ አደሩ።

ልብ አድርጉልኝ፤ ሰው ከሰው እንዲራራቅ የተሠራው ኬላ በአንዲት ሌሊት ሰውን ሰበሰበ። ኬላ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ኬላ የሚያዝ ሰው ግን ትኩሳት መለኪያውን ብቻ ሳይሆን የአገሩንም ካርታ ይዞ መቆም ነበረበት።

ደግሞም የትኩሳት መለኪያው ራሱ ብዙ አይረዳም። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ምልክቱ የሚታይበት ከ2 እስከ 14 ባለው ቀን ውስጥ ነው፤ በብዙው ሰው ላይ በአምስተኛው ቀን ገደማ ይታያል። ምልክቱ ሊታይበት ሲል ባሉት ሁለት ቀኖች ሳያተኵሰው ለሌላው ያስተላልፋል፤ ከቶ ምልክት ሳይታይበት የሚድንም ብዙ ነው። የ14 ቀን ልዩ ቈይታ የተወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቍጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በድሮ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1377 ዓ.ም. ራጉሳ የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጣውን ሰው ሠላሳ ቀን ከከተማ ውጭ ታስቈይ ነበረ፤ ኋላም ቀኑ ወደ አርባ ከፍ አለ። ኳራንቲን የሚለው ቃል የመጣው አርባ ከሚለው የኢጣልያ ቃል ነው። እኛም ለአራስ እናት ለወንድ ልጅ አርባ ቀን የምንቈጥር ሕዝብ ስለ ሆንን ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። በ2012 ዓ.ም. አንዳንድ ሰዎች ወሸባ የሚለውን የቈየ ቃል ከመዝገበ ቃላት አውጥተው ለዚሁ ነገር ሲሠሩበት ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ «ለይቶ ማቆያ» ከሚለው ይልቅ ለአፍ ይቀላል።

ልጅቱ በማግሥቱ ወረቀትዋ ተመልሶላት አገርዋ ገባች። አባትዋ በር ላይ ቆሞ ተቀበላትና፣ ሳይስማት፣ በጓሮ በኩል ወዳለችው ትንሽ ክፍል መራት። እናትዋ ልጅዋን አለመሳም ሆነባትና አለቀሰች፤ ጎረቤትም «ልጃቸውን እንደ ባዕድ ተቀበሏት» ብሎ አማ። ለ14 ቀን ምግብዋን በር ላይ እያስቀመጡ፣ ዕቃዋን ለብቻ እያጠቡ አቈይዋት። እንዲህ እንዲያደርግ ማንም አላዘዘውም፤ ቤቱ ውስጥ የሰማንያ ዓመት እናቱ ነበሩና ከሬዲዮ የሰማውን ይዞ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ ሳምንት በየመንደሩ የገቡት ብዙ ሺሕ ተማሪዎች ሁሉ የጓሮ ክፍልና እንደዚህ ያለ አባት ያላቸው አለመሆናቸው ነው። በአንድ ጎጆ ከአያት ጋር የሚተኛ ልጅ ወዴት ይለይ?

በሌላ በኩል ተማሪዎቹ ለቀው የሄዱባቸው ግቢዎች ባዶ አልቀሩም። ከጅቡቲ፣ ከሱዳንና ከዐረብ አገሮች ለሚመለሱ ወገኖቻችን ዩኒቨርሲቲዎች ማቆያ ሆኑ፤ የድሬዳዋና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ትልቅ ውለታ ውለዋል። ተማሪውን ያጨናነቀው የመኝታ ክፍል ሁለት ሰው ብቻ ሲያድርበት ጥሩ ወሸባ ሆነ። ነገሩ ምጸት ይመስላል፤ ግን ትምህርት ነው። በዚህ አኳኋን ግቢው አገልግሎት የሰጠው ለእንግዳ ነው፤ ለገዛ ልጆቹ ግን፣ ቢያንስ የጓሮ ክፍል ለሌላቸው፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ተራ በተራ ማቈያ ሊሆን ይቻል ነበር።

አሁን ስለ ምርመራው ጥቂት ልናገር። ፒ ሲ አር የሚባለው ምርመራ፣ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ባለ ጥጥ ከአፍንጫና ከጕሮሮ የተወሰደው እርጥበት በብርድ ዕቃ ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ በዚያም መሣሪያው የቫይረሱን ምልክት እያባዛ፣ ካለ እንዲታይ ያደርገዋል። የመሣሪያው ሥራ የጥቂት ሰዓት ነው፤ ጊዜውን የሚበላው መንገዱና ወረፋው ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪው ቅርበት ከመሣሪያው ጥራት የማያንስ ዋጋ አለው። አሰላ የሚገኘው፣ በ2006 ዓ.ም. የተቋቋመው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ በኋላ በራሱ ላቦራቶሪ ይህን ምርመራ ሲጀምር ለደጋው አገር ትልቅ እፎይታ ነበረ። ይህንም ለማድረግ የቻለው ወረርሽኙ ሲመጣ በድንገት ባለሙያ ፈልጎ አይደለም። ከጀርመን አገር ከዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሐሩር አገር በሽታዎች የሚጠኑበትን ተቋም አስቀድሞ ስላቋቋመ ነው። (በጭላሎ ተራራ ሥር በነሐሴ ጋቢ ተከናንቦ የሚቀመጥ ሰው የሐሩር አገር በሽታ ሲባል ፈገግ ይል ይሆናል፤ ስሙ ግን እንዲያ ነው።)

ምርመራ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ስሕተት መጣ። የምርመራ ወረቀት እንደ መታወቂያ ወረቀት ይቈጠር ጀመር። ወረቀቱ ግን የሚመስለው ደረሰኝን ነው፤ ትናንት የተከፈለውን ይመሰክራል እንጂ ነገ ስለሚከፈለው አያውቅም። ሰኞ የተያዘ ሰው ማክሰኞ ቢመረመር ነጻ ነው ሊባል ይችላል፤ ዐርብ ግን ለክፍል ጓደኞቹ ያስተላልፋል። ወደ አገራችን የሚገባ መንገደኛ የሚያሳየው ውጤት 120 ሰዓት ያላለፈው ይሁን የተባለው ይህ ታስቦ ነው።

ሳይመረመሩ በመለየት ብቻ የተገኘ ድልም አለን። የፈንጣጣ ዘመቻ በተደረገ ጊዜ፣ ዘማቾቹ ምልክቱ በፊት ላይ ስለሚታይ በሽተኛውን በዐይን ለይተው፣ በቤቱ ጠባቂ አቁመው፣ በዙሪያው ያለውን ሰው እየከተቡ በሽታውን አባረሩት፤ የአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. በዚያን ጊዜው የባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በምትባል መንደር ነው። በአንጻሩ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ በመጣ ጊዜ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው ነበረ፤ ሕዝቡም ምክንያቱን ስላላወቀ ቆሻሻ አቃጥሎ አጠነ፤ ኅዳር 12 ቀን እስከ ዛሬ የምናጥነው ያንኑ እያሰብን ነው። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በሊቃውንት ተለይቶ የታወቀው ከዚያ በኋላ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. ነው። ኮቪድ በፊት ላይ እንደ ፈንጣጣ አይጻፍም፤ ምክንያቱ ግን እንደ ኅዳር በሽታ ስውር አልነበረም። ስለዚህ ለኛ ዘመን ምክንያት አልነበረንም።

የዓለም የጤና ድርጅት አስቸኳይነቱ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ በአገራችን በምርመራ ከታወቁት በሽተኞች ከ7,500 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ሳይመረመሩ የሞቱት በዚህ ውስጥ የሉም። በዚያን ጊዜ የወጡት መመሪያዎች ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ታስረው ተቀምጠዋል። ከአድማጮቼ መካከል ፋይሉ በእጁ ያለ ሰው ካለ፣ ሦስት ነገር ጨምሮ እንዲያስቀምጠው እለምነዋለሁ፤ ተማሪ ከግቢ ሲወጣ በጓሮ ክፍል የሚለይበት ቤት እንዳለውና እንደሌለው የሚጠየቅበት ቅጽ፤ በየክፍለ ሀገሩ ናሙና የሚቀበለው የቅርብ ላቦራቶሪ የትኛው እንደ ሆነ የሚያሳይ ዝርዝር፤ በጉዞ ወረቀትም ላይ ከከተማው ስም ቀጥሎ የዞኑ ስም የሚጻፍበት መስመር።

ልጅቱ በ2013 ዓ.ም. ተመራቂ ተማሪዎች አስቀድመው ሲጠሩ ወደ ባሌ ተመለሰች። አባትዋ ከቀበሌ ባወጣላት ወረቀት ላይ በገዛ እጁ፣ በቀይ ቀለም፣ ከአንደኛው ሮቤ አጠገብ «አርሲ»፣ ከሁለተኛው አጠገብ «ባሌ» ብሎ ጻፈበት። በመንገዱ ሁሉ ወረቀቱን አሳዪ ያላት ሰው ግን አልነበረም።

ደኅና እደሩ።