ባዶውን የሚውል ደረጃ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




መሐንዲስ ስለ እግር ኳስ እንዲናገር ሲነሣ ፈገግ ያላችሁ መኖራችሁን ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ፈገግታው ተገቢ ነው። በልጅነቴ በመካነ ሰላም ሜዳ ላይ የተሰጠኝ ቦታ ግብ ጠባቂነት ነበር፤ ይኸውም በእኛ ሰፈር መሮጥ ለማይሆንለት ልጅ የሚሰጥ ሹመት ነው። ስለዚህ ስለ ጨዋታው ጥበብ የምለው የለኝም። የምናገረው ስለ ደረጃው ነው። ተመልካች ስለሚቀመጥበት፣ እኛም በሙያችን ስለምንነድፈውና ስለምንሠራው፣ ከተመረቀ በኋላም ብዙውን ጊዜ ባዶውን ስለሚውለው ደረጃ ማለቴ ነው።

ከወልድያ ልጀምር። ወልድያ ለእኛ ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ሰዎች የቅርብ ከተማ አይደለችም። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደሴ ለመግባት 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ከደሴ ወልድያ ደግሞ ሌላ 120 ኪሎ ሜትር። አንድ የቦረና ወጣት የዘጠና ደቂቃ ጨዋታ ለማየት አንድ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ ቀን ለመመለሻ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ለማደሪያ ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ የወልድያ ክለብ በ2007 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊግ በገባ ጊዜ ርቀቱን ሳይቆጥሩ የሄዱ የአገሬ ልጆች አውቃለሁ። ክለቡ በዚያው ዓመት ወረደ፤ በ2009 ዓ.ም. ግን ተመለሰ። በዚሁ ዓመት በጥር ወር በሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ወጪ የተሠራውና በስማቸው የተጠራው ስታዲየም ተመረቀ።

ስታዲየሙን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ፣ በኛ አገር ብዙ ያልተለመደ ሥራ ነው። እንደ ሙያ ባልደረባ ለሠሩት ሁሉ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ነገር ግን አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የወልድያ ከተማ ነዋሪ 46 ሺህ ያህል ነበር። እንግዲህ በዚያ ቆጠራ ብንሄድ ደረጃው እንዲሞላ፣ አራስና አዛውንት ሳይቀር፣ ከከተማው ሰው ከግማሽ በላይ የሆነው በየጨዋታው መገኘት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ መጨመሩ አይካድም፤ ከሀብሩና ከቆቦ በኩልም ሰው ይመጣል። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ስፋት ያለው ሥራ ሲነደፍ የኮንክሪቱ ጥንካሬ፣ የጣሪያው ብረት፣ የመሠረቱ ጥልቀት በዝርዝር ይሰላል፤ በየሁለት ሳምንቱ እዚያ የሚቀመጠው ሰው ከየት እንደሚመጣና ለምን እንደሚመጣ ግን የማንም የሥራ ድርሻ ሆኖ አይጻፍም። ይህ የአንድ ከተማ ጉድለት አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ወልድያ ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊያደርገው የነበረው ግጥሚያ በደጋፊዎች ግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ ሁከቱ ከስታዲየሙ ቅጥር አልፎ የከተማውን መንገድ ያዘ። በዚያው ዓመት በጥር፣ በጥምቀት በዓል ሰሞን፣ በከተማዋ እንደገና ደም ፈሰሰ። በዓመቱ መጨረሻ ክለቡ ከአርባ ምንጭና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ከፕሪምየር ሊግ ወረደ። ከዚያም ጦርነቱ መጣ፤ ወልድያም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ውስጥ ወደቀች።

በ2015 ዓ.ም. ለሥራ ወደዚያ ሄጄ ነበር። የተሳፈርኩበት ባጃጅ የፊት መስተዋት ላይ የተላጠ ወረቀት ሙጫ ክብ ሆኖ ይታያል። ምን እንደ ነበረ ስጠይቀው ሹፌሩ የክለቡ አርማ እንደ ነበረ ነገረኝ።

«ስለ ወረደ ነው የላጥከው?» አልኩት።

«ኧረ ወንድሜ» አለኝ፣ «መውረድማ ምን አለበት፤ የወረደ ይወጣል። ስንሸነፍ እንኳ እንዴት እንደምንጨፍር ብታየን! እኔ የቀረሁት ልጄን በእጄ ይዤ መሄድ ስላቃተኝ ነው። ብቻዬን ሄጄ ምን ላደርግ?»

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ። ስለ ተመልካች መቅረት ሲወራ ዘወትር የምንሰማው ምክንያት «ክለቡ ስለ ተዳከመ ነው፤ ያሸንፍ እንጂ ሰዉ ይመለሳል» የሚል ነው። በበኩሌ ይህን አልቀበልም። የኢትዮጵያ ቡናን ደጋፊ ተመልከቱ። ክለቡ የተመሠረተው በ1968 ዓ.ም. ነው። ፕሪምየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ቡና የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው በ2003 ዓ.ም. ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ተቀናቃኙ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ሲደርብ የቡና ደጋፊ ከአዲስ አበባ ስታዲየም አልቀረም። ተማሪ ሳለሁ ካምቦሎጆ ገብቼ ያየሁት ይህንኑ ነው። ጥላ ፎቅ መግባት ከኪሴ በላይ ስለ ነበር ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ ፀሐይ እየመታኝ አያለሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ክለቡ ሁለት ለባዶ እየተመራ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይዘምራል። ሽንፈት ደጋፊን ያሳዝነዋል፣ ያናድደዋል፣ አሠልጣኙን ያሰድበዋል፤ ከቤቱ ግን አያስቀረውም።

ታዲያ የሚያስቀረው ምንድን ነው? አንዱ ፍርሃት ነው፤ ባጃጅ ነጂው ነግሮናል። እኛ መሐንዲሶች ፍርሃትን በመውጫ በር ስፋት መለካት ለምደናል። ደረጃው በስምንት ደቂቃ ውስጥ ባዶ መሆን አለበት፣ የመተላለፊያው ስፋት ይህን ያህል፣ የመወጣጫው ከፍታ ያን ያህል እንላለን። ይህም ትክክል ነው፤ በጥር 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በተካፈለበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ በያውንዴው የኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰዎች መሞታቸውን አንርሳ። ነገር ግን ሰው እንዴት እንደሚወጣ ስንማር ከቤቱ እስከ በሩ ያለውን መንገድ የእኛ ሥራ አድርገን አልቆጠርነውም። የእንግዳው ቡድን ደጋፊ በየትኛው መንገድ ገብቶ በየትኛው ይወጣል? አውቶቡሱ የት ይቆማል? ሲመሽ መንገዱ መብራት አለው? እናት ከልጇ ጋር የምትገባበት መፀዳጃ አለ? እነዚህ ጥያቄዎች በሥዕላችን ላይ ከአጥሩ መስመር ውጭ ስለሚወድቁ ከሐሳባችንም ውጭ ይወድቃሉ።

ሌላው ምክንያት ጨዋታው ራሱ ከከተማው መውጣቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ከተቋረጠ በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉ ቡድኖችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ በየተራ ማጫወት ጀመረ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጨዋታው በዲኤስቲቪ መተላለፍ የጀመረውም በዚሁ ጊዜ ነው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም አሠራሩ ቀጠለ። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው፤ የካሜራ ሥራ ይቀላል፣ በየከተማው የሚነሣው ግጭት ይቀንሳል፣ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ያለውም በጥቂት ከተማ ነው። ነገር ግን የአንድ ከተማ ክለብ «የሜዳው ጨዋታ» አራት መቶና አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲደረግ፣ ደጋፊው ቀረ ማለት አይቻልም፤ ክለቡ ነው ከደጋፊው የቀረው።

በአገር ደረጃም ያው ነው። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በአዲስ አበባ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። እንዴት ያለ ቀን ነበር! ግን «ባለ ሜዳ» ሆነን የተጫወትነው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ነው፤ ምክንያቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከስታዲየሞቻችን አንዱንም ለብቁነት አላሳለፈልንም። ኮንፌዴሬሽኑን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የመሩት የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ያማል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ የመልበሻ ክፍሉ፣ የሣሩ፣ የመቀመጫው፣ የመብራቱ ጉድለት በዝርዝር ሲጻፍ የተጻፈው ስለ እኛ ሙያ መሆኑን እንድናውቀው ነው።

ሦስተኛውንና በእኔ ግምት ዋነኛውን ምክንያት ልናገር። ከክለቦቻችን አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። የቲኬት ገቢ ከወጪው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንግዲህ ተመልካቹ ቢመጣም ባይመጣም የተጫዋቹ ደመወዝ ይከፈላል፤ በጀቱ ሲያልቅ ደግሞ ስታዲየሙ ቢሞላም አይከፈልም። ተጫዋቹ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ ይመጣል፣ ሰዉ ስሙን ለምዶ ሳይጨርስ ይሄዳል። ደጋፊ ሞኝ አይደለም፤ እንደማያስፈልግ ሲያውቅ ያውቀዋል። በሠርግ ቤት ያልተጠራ እንግዳ ምግቡ ቢጣፍጥም ተሸማቆ ነው የሚበላው። ከሜዳ የቀረው ሰውም ያለ ኳስ አልተቀመጠም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መካነ ሰላም ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ብትገቡ አግዳሚው ሞልቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሁሉ ስለ አርሴናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲሟገት ታገኙታላችሁ። ለንደን የሚገኘው ክለብ የዚያን ልጅ መኖር አያውቅም። ልጁም ይህን ያውቃል። ግን ቢያንስ ሩቅ ያለ ሰው ስላላወቀው አይቀየምም፤ የሚያስቀይመው የቅርብ ዘመድ ሳያውቅህ ሲቀር ነው።

ይህ ሁሉ በሐሳብ ደረጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ጊዜ ለእረፍት አገሬ በገባሁ ጊዜ የሰፈራችን ወጣቶች ተሰብስበው መጡ። ለመካነ ሰላም ስታዲየም እንድነድፍላቸው ነው። የወልድያውን ፎቶግራፍ በስልካቸው ይዘዋል፤ «እንዲህ ያለ፣ ግን አነስ ያለ» አሉኝ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስጠይቅ «ሥዕሉ ካለ ለጋሽ አይጠፋም» አሉ። እውነቱን ለመናገር አጓጊ ጥያቄ ነው። በአሥራ ምናምን ዓመት የሙያ ሕይወቴ ስታዲየም ነድፌ አላውቅም፤ ያውም ለትውልድ ቦታዬ!

ሁለት ሳምንት አሰብሁ። ከዚያ የነደፍኩላቸው ሌላ ነገር ነው። የከተማው አፈር መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ ቋጥሮ ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሜዳው ሥር ነው፤ ጠጠር የተሞላ የውኃ ማስወገጃ ቦይ፣ ከመካከል ወደ ዳር በጥቂቱ ያዘነበለ ሜዳ። ግቦቹ በሰሜንና በደቡብ ይሆናሉ፤ የግብ ጠባቂን ዐይን የማታ ፀሐይ እንዳይወጋው፤ ይህን ከልምድ አውቃለሁ። በምሥራቅ በኩል ተዳፋት አለ። ተዳፋቱን ቆርጠን ከአካባቢው ጥቁር ድንጋይ 12 እርከን እንሠራለን፤ እያንዳንዱ 60 ሜትር ርዝመት፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ። ለአንድ ሰው ግማሽ ሜትር ብንሰጥ በአንድ እርከን 120፣ በጠቅላላው 1,440 ሰው ይቀመጣል። ሁለት መውጫ በሁለት የተለያየ መንገድ፤ ለሴቶች የተለየ መፀዳጃና ውኃ፤ ቆሎና ሻይ ለሚሸጡ እናቶች ጥላ ያለው መደብ። ድንጋዩን የሚጠርብ ግንበኛ እዚያው ከተማ ውስጥ አለ፤ የጉልበቱን ሥራ ልጆቹ ራሳቸው ይችሉታል። ሲሰበርም የሚጠግነው እንጂ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚያስፈልገው ነገር የለበትም።

ሥዕሉን ስዘረጋላቸው ዝም አሉ። አንደኛው በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ጥላ ፎቅ የለውም እንዴ?» አለኝ። የለውም አልኩት። ቅር ማለታቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር፤ አንዱ ትልቅ ነገር እንዳንመኝ ከተማ ተቀምጠህ ትወስንልናለህ እስከ ማለት ደርሷል። ይህ አባባል አሁንም ይከነክነኛል፤ ተሳስቶ እንደ ሆነም እርግጠኛ አይደለሁም። ለወልድያ የተፈቀደ ሕልም ለመካነ ሰላም ለምን ይከለከላል? በሌላ በኩል ደግሞ ያ የተላጠ አርማ ከፊቴ አልጠፋ ብሏል። ከመካከላቸው ታናሽየው ግን ሥዕሉን ወደ ራሱ ስቦ እርከኖቹን በጣቱ ሲቆጥር ቆየና፣ «1,440 ሰው... እኛ ሰፈር፣ ቀበሌ ከቀበሌ ስንጫወት፣ ዙሪያውን የሚቆመው ስንት ይሆናል?» ብሎ ባልንጀሮቹን ጠየቀ። ሦስት መቶ የሚል አለ፣ አምስት መቶ የሚል አለ። ክርክሩ ደመቀ። ከመካከላቸው አንዱ በቀጣዩ እሑድ ቆሞ ሊቆጥር ተስማማ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የተነሣው ግጭት መንገዱንም ሥራውንም እንደ ልብ አላራመደውም፤ ቆጠራው ግን መደረጉን በስልክ ነግረውኛል። ቁጥሩን ሊነግሩኝ ፈቃደኛ አልሆኑም፤ «ስትመጣ ራስህ ትቆጥራለህ፣ አብሽር» ነው ያሉኝ። የሥዕሉ አንድ ቅጂ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። በተለይ የውኃ ማስወገጃው ቦይ ላይ አስተያየት ያላችሁ ባልደረቦች ከስብሰባው በኋላ ብታዩልኝ ደስ ይለኛል፤ የቦዩ ዝንባሌ ትንሽ ያነሰ ይመስለኛል።