ከተረፈ ምርት ገንቢ ምግብ ስለ ማውጣት



ድንች ተፈጭቶ ስታርቹ ሲወጣ የሚፈሰው ውሃ ባዶ ውሃ አይደለም። ከድንቹ ከመቶ 2 እጅ ገደማ የሚሆነው ፕሮቲን፥ ይኸውም ሰውነትን የሚገነባው ክፍል፥ አብዛኛው ከዚሁ ውሃ ጋር ይሄዳል። ውሃው ወደ ወንዝ ቢለቀቅ ይሸታል፤ ዓሦች የሚተነፍሱትንም አየር ያሳጣቸዋል። ስለዚህ በሆላንድ አገር ያሉ ፋብሪካዎች ውሃውን በአሲድና በሙቀት እንደ እንቍላል ነጭ እንዲረጋ አድርገው፥ አጥልለውና አድርቀው ለከብት መኖ ያውሉታል። ለሰው ምግብ ይሁን ቢባል ግን በድንች ውስጥ ያለውን መራራ መርዝ አስቀድሞ ማስወገድ ግዴታ ነው።

ከሚጣል ነገር ምግብ የማውጣት አሳብ በሱዳን አዲስ አይደለም። እናቶች ያለ ፋብሪካ ከጥንት ጀምሮ ሠርተውበታል። ከሰሊጥ ዘይት ጭማቂ የሚቀረውን ፋጉሎ አብላልተው ሲግዳ የተባለውን ምግብ፥ ከከርከዴ ፍሬ ፉሩንዱን፥ ከዱር ቅጠልም ካዋልን ያዘጋጃሉ። ለካዋል ቅጠሉን ወቅጠው በሸክላ ማሰሮ ይጠቀጥቁታል፤ አፉን በጭቃ መርገው መሬት ውስጥ ይቀብሩታል፤ በየ3 ቀኑ እየከፈቱ ያሹታል፤ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ በፀሐይ አድርቀው በሥጋ ፈንታ ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል።

ሽታው ከባድ ስለ ሆነ ካዋልን የሚንቅ የከተማ ሰው አልታጣም። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሐሚድ ዲራር ግን ይህን የእናቶች ሙያ በሳይንስ መርምረው፥ ተብላልተው ስለሚዘጋጁ የሱዳን ምግቦች የጻፉትን መጽሐፍ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. አሳተሙ። በዚህም በቃል ብቻ ሲወርድ የኖረው ዕውቀት ከመጥፋት ዳነ።

ነገሩ የጨዋታ አይደለም። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ድርቅ ሱዳንን አስርቧታል። በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. በካርቱም በተነሣው ጦርነትም ብዙ ፋብሪካና ገበያ ተጎድቷል። ፋብሪካ ሲዘጋ የማይዘጋው በእጅ ያለ ሙያ ነው።

ይህ ሲባል ግን የተጣለ ሁሉ ይበላ ማለት አይደለም፤ ንጽሕናውና ጤንነቱ አስቀድሞ ይመርመር። ሹሙ የፋብሪካው ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቅ፤ ነዋሪውም ፋጉሎውን ከመጣሉ በፊት ሙያውን የሚያውቁትን አሮጊቶች ይጠይቅ። የተናቀ ነገር በችግር ቀን ማዕድ ይሆናልና።