እብነ በረድ የመሰለው ሳሙና
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ ሳሙና ነው፤ ይኸውም በቤት ስለሚሠራ፥ ውስጡም እንደ እብነ በረድ ጥቁርና ነጭ ሥር እንዲጋደምበት ተደርጎ ስለሚፈስስ ሳሙና ነው። «ዩኒቨርሲቲ የመጣነው ለልብስ አጠባ ነውን?» የሚል ሰው በመካከላችን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድማለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች፥ በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊ ስለ ሆነ፥ ከዚያች ትዝብት ለብዙ ዓመታት የቀጠለና በዓለም የታወቀ ምርምር ተወለደ። እንዶድ አረፋው በተክሉ ውስጥ ካለው ሳፖኒን የሚገኝ ነው እንጂ ከቅባት የተሠራ ሳሙና አይደለም፤ ነገር ግን ምሳሌነቱ ለሁላችንም ይበቃል። የእጥበት ሥፍራ ትኩር ብሎ ለሚያይ ሰው ትምህርት ቤት ነው።

ሁለተኛው መልሴ እኛን ራሳችንን የሚነካ ነው። ቅባትና ሶዳ ተገናኝተው ሳሙናና ግሊሴሪን እንደሚሰጡ እኩልዮሹን እንጽፋለን፤ ፈተናውንም አልፈን እንሄዳለን። ይሁን እንጂ ያንን እኩልዮሽ በዕቃ ውስጥ ሲፈጸም ያየው ከመካከላችን ስንቱ ነው? በሰሌዳው ላይ ቀስቷ ከግራ ወደ ቀኝ ባንድ ጊዜ ትሻገራለች፤ በዕቃው ውስጥ ግን ያቺው ቀስት ሰዓታት፥ እንዲያውም ቀናት ትፈጃለች። የእብነ በረዱ ጥለት የሚሠራው በቀስቷ መካከል፥ ዘይቱ ዘይትነቱን መተው ጀምሮ ሳሙናው ገና ሳሙና ሳይሆን ነው። ስለዚህ ጥለቱን ለማውጣት የሚሞክር ሰው እኩልዮሹን በእጁ ለማንበብ ይገደዳል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጥንቱ ባለ ሥር ሳሙና ጥቂት ልበል። በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው የማርሴይ ከተማ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሳሙና የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1688 በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን የወጣው ድንጋጌ፥ ሳሙና ሠሪዎች ከወይራ ዘይት በቀር ሌላ ቅባት እንዳይጨምሩ ከልክሏል። ሠሪዎቹ ከነጩ ሌላ ሰማያዊ ሥር ያለበት ሳሙናም ያወጡ ነበር። የሥሩ ቀለም ከላይ የተቀባ አልነበረም። በሚፈላው ሳሙና ላይ የብረት ሰልፌት ይጨመራል፤ ይህም በሶዳው ውስጥ ካለው ሰልፋይድ ጋራ ተገናኝቶ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ሳሙናው ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነጩ ክፍል ለብቻው ይሰበሰባል፤ ቀለም የያዘውም በመካከሉ እንደ ደም ሥር ይጋደማል። አየር የነካው ውጫዊ ገጽ ብረቱ ስለሚዝግ ወደ ቡናማ ቀይ ይለወጣል፤ ተቆርጦ ሲታይ ግን ውስጡ ሰማያዊ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙ። ውሃው ከመጠን በላይ ከሆነ ሳሙናው ይቀጥንና ቀለሙ በሙሉ ወደ ታች ይዘቅጣል። ውሃው ካነሰ ደግሞ ቀለሙ ተለይቶ ለመሰብሰብ ጊዜ ሳያገኝ በያለበት ይቀራል። ሥሩ የሚወጣው ውሃው በልኩ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ገዢው ያለ ላቦራቶሪ፥ ሥሩን በዓይኑ አይቶ «ይህ ነጋዴ ውሃ አልሸጠልኝም» ለማለት ይችል ነበር። ነጩን ሳሙና ግን ብዙ ውሃ አጠጥቶ በሳሙና ዋጋ መሸጥ ይቻል ነበር። እንግዲህ ጌጡ የታማኝነት ማኅተም ነበር ማለት ነው።

ማኅተሙ ግን ለዘለዓለም አልኖረም። ቆይቶ፥ በ19ኛው መቶ ዘመን፥ ከኮኮናት ዘይት ብዙ ውሃ የሚሸከም ሳሙና መሥራት ተቻለ። ይህም ሳሙና በሶዲየም ሲሊኬት እየተሞላ፥ አልትራማሪን በሚባለው ሰማያዊ ቀለም እየተዥጎረጎረ ለገበያ ቀረበ። ዓይን የሚያየው ሥር ያው ነው፤ ምስክርነቱ ግን ሐሰት ሆነ። ጌጥ ከሥራው ሲለይ ወደ ማታለል ምን ያህል እንደሚቀርብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በቤት የምንሠራው ሳሙና እንደ ማርሴዩ የሚፈላ አይደለም፤ ቀለሙንም የምንጨምረው በእጃችን ነው። ስለዚህ ስለ ውሃው መጠን አይመሰክርም። የሚመሰክረው ስለ ሠሪው ነው፤ ሚዛኑን መጠበቁን፥ ጊዜውን ማወቁን፥ ማቆም በሚገባው ሰዓት ማቆሙን ያሳያል። አሠራሩም የሚከተለው ነው።

700 ግራም የወይራ ዘይት፥ 300 ግራም የኮኮናት ዘይት፥ 140 ግራም ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ፥ 300 ግራም ውሃ ይመዘናል። ቁጥሩ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። 1 ግራም የወይራ ዘይት ወደ 0.135 ግራም፥ 1 ግራም የኮኮናት ዘይት ደግሞ ወደ 0.183 ግራም ሶዳ ይፈልጋል። ብታሰሉት በጠቅላላው 149 ግራም ያህል ይመጣል። እኛ ግን ሆን ብለን አሳንሰን እንጨምራለን፤ ጥቂት ዘይት ይተርፍ እንደ ሆነ ገላን ያለሰልሳል፤ ሶዳ የተረፈ እንደ ሆነ ግን ቆዳን ይልጣል። ዘይቱን በሌላ ዘይት የለወጠ ሰው ስሌቱንም መለወጥ አለበት። የወይራ ዘይት የበዛበት ምክንያት ቶሎ የማይወፍር በመሆኑ ነው፤ ለጥለት ሥራ የሚያስፈልገን ጊዜ ነውና።

ስለ ጥንቃቄ የምናገረውን ማንም እንደ ተራ ምክር እንዳይቆጥረው እለምናለሁ። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በሶዳው ላይ አይፈስስም፤ ተገልብጦ ከተደረገ በኀይል ሞቆ ይፈናጠራል። የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ይደረጋል፤ መስኮት ይከፈታል፤ ሕፃናት አይቀርቡም። በየቤታችን ያለው «ብረት ድስት» አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ሃይድሮጅን የሚባለውንም ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ የማይዝግ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ሶዳ ገላን ቢነካ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ኮምጣጤ አይፈስስበትም። ዓይን ከነካ በውሃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ዘይቱም የሶዳው ውሃም ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲበርዱ ይቀላቀላሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የሥራው ልብ ነው። ድብልቁ በመጀመሪያ እንደ ቀጭን አጥሚት ይሆናል፤ ቆይቶ ወፈር ይላል፤ መጨረሻው እንደ ገንፎ ነው። የምንፈልገው የአጥሚቱን ደረጃ ነው፤ ከጭልፋ የወረደው ጠብታ በላዩ ላይ ለቅጽበት ምልክት ጥሎ ሲጠፋ ደርሷል ይባላል። ከዚያ በፊት ያቆመ ሰው ዘይቱ ተለይቶ ይንሳፈፍበታል፤ ቀለሞቹም ይደባለቁና ግራጫ ይሆናሉ። ከዚያ ያለፈ ሰው ደግሞ ገንፎ በገንፎ ላይ ከመጣል በቀር ሌላ ምርጫ የለውም፤ ሥሩ መፍሰሱ ቀርቶ ይጓጉላል። በኤሌክትሪክ መምቻ የሚሠራ ሰው ለጥቂት ሰከንድ እየመታ፥ እያቆመ በእጅ ማማሰል አለበት፤ መሣሪያው ከሠሪው ይፈጥናል።

ከድብልቁ አንድ ሦስተኛው ተቀንሶ፥ አስቀድሞ በጥቂት ዘይት የታሸ አንድ የሻይ ማንኪያ በጣም የላመ የከሰል ዱቄት ይጨመርበታል። ከሰል ቢበዛ አረፋውን ያጠቁራል። ቢጫ የወደደ እርድ ይጨምር፤ ከጊዜ ብዛት እንደሚደበዝዝ ግን ይወቅ። ቀይ እንዲሆንልኝ ብሎ በርበሬ የሚጨምር ቢኖር በገላው ይፈርድበታል። ሽታን በተመለከተ፥ የቅርንፉድ ዘይት ድብልቁን በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ድንጋይ ሊያደርቀው ስለሚችል፥ ጥለት ለመሥራት ላሰበ ሰው ጠላቱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሁሉ ያለ ሽታ ቢሠራ ይሻለዋል።

ሁለቱ ቀለሞች እኩል ውፍረት ሊኖራቸው ይገባል። ረዘም ባለ፥ ወረቀት በተነጠፈበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነጩና ጥቁሩ በየተራ ይፈስሳሉ። ከፍ ካለ ቦታ የፈሰሰው ወደ ታች ጠልቆ ይገባል፤ ዝቅ ተብሎ የፈሰሰው ከላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ከፍና ዝቅ እያሉ ማፍሰስ ነው። በመጨረሻ እንደ ሣጥኑ ርዝመት የታጠፈ ሽቦ በጎን በኩል እስከ ታች ይገባል፤ በሳሙናው ውስጥ እየተሽከረከረ ወደ ሌላው ጎን ይሄድና ይወጣል። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። ሽቦውም ከማይዝግ ብረት ይሁን።

የሥራው ከባዱ ክፍል እዚህ ላይ ነው፤ ሠሪው የሠራውን አያይም። ጥለቱ ያለው በሳሙናው ሆድ ውስጥ ነውና፥ ከላይ የሚታየው ጥቂቱ ብቻ ነው። «አንድ ዙር ብጨምርበት ያምር ይሆናል» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ በጨመሩት ቁጥር ግን ሥሩ እየቀጠነ ግራጫ ይሆናል። ያልታየን ነገር በስሌትና በእምነት ትቶ እጅን መሰብሰብ በየትኛውም ሙያ ቀላል አይደለም። ሐኪሙም፥ አናጢውም፥ ፈተና ጽፎ ጨርሶ ትክክለኛውን መልስ መሰረዝ የሚቃጣው ተማሪም ይህን ያውቃል።

ሳሙናው ተሸፍኖ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ መካከሉ ብቻ ሞቆ ጠርዙ ከቀዘቀዘ፥ ሲቆረጥ ክብ ጥላ ይታይበታል፤ ስለዚህ አሸፋፈኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን። ከዚያ ይቆረጣል። አቋርጠው ሲቆርጡትና በቁመቱ ሲሰነጥቁት የሚታየው ሥር አንድ አይደለም። የተቆረጠው ነፋስ በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቀመጣል፤ ውሃው ይተናል፤ ሳሙናው ይጠነክራል። አንዱ ቁራጭ ከሌላው ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ የሁሉም ሚዛን ግን አንድ ነው።

ወገኖቼ፥ የሸማ ጥለት ከሸማው ጋራ አብሮ ስለሚሸመን፥ ጨርቁ እስኪያልቅ ድረስ አብሮት ይኖራል። የዚህ ሳሙና ጥለትም እንዲሁ ነው፤ ሳሙናው እያለቀ ሲሄድ ሥሩ ከውስጥ አዲስ መልክ እያሳየ አብሮት እስከ መጨረሻው ይሄዳል። የተቀባ ጌጥ በመጀመሪያው እጥበት ይታጠባል። የእኛም ዕውቀት በፈተና ማግስት የሚታጠብ ቅብ እንዳይሆን ብንፈልግ፥ እጃችንን ወደ ሥራ መላክ አለብን።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከመምህራኖቻችን አንዱ ቢቆጣጠረን፥ በላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን ይህንኑ እንሥራ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የዘይቱ ዐይነትና ሚዛን፥ የሶዳው መጠን፥ የተሠራበትም ቀን በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት። የማርሴይ ገዢ ከሥሩ ያነብበው የነበረውን እውነት፥ ከእኛ ሳሙና የሚወስድ ሰው ከወረቀቱ ያንብበው። ሥሩ ያላማረለትም ቢሆን ሳሙናውን አይደብቅ፤ ቆርጦ ያምጣው፤ የት ላይ እንደ ወፈረ፥ የት ላይ እንደ ተደባለቀ ከእርሱ የምንማረው ካማረው ይበልጣልና።