ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የአጥቢያው ድርሻ

በጅማ ከተማ ሰቶ ሰመሮ ለተሰበሰቡ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የሠራነውን መልካም ሥራ ለመዘርዘር ሳይሆን ከስሕተታችን የተማርነውን ለማካፈል ነው። ከአጥቢያችን ልጆች አንዷ የልብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል በተባለ ጊዜ ገንዘብ አሰባሰብን። ቡና ለቃሚው ከቀን ምንዳው፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣት ከኪሱ አዋጣ። ልጅቱ አዲስ አበባ ሄዳ፣ በተበላሸው የልቧ ቫልቭ ፈንታ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተተክቶላት ስትመለስ በእልልታ ተቀበልናት። ከዚያም መዝገባችንን ዘጋን። ሥራው የተፈጸመ መስሎን ነበር፤ ለካስ ገና መጀመሩ ኖሯል።

ልጅቱ ለማገገም ወላጆቿ ወዳሉበት የቡና መንደር ሄደች። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በየወሩ ጅማ መጥታ ደሟን መመርመር ሲገባት የመሳፈሪያ አጥታ ቀረች፤ ከእኛም የጠየቃት የለም። ጠበል ስትጀምርም መድኃኒቱን ተወችው። በሌሊት ጸጥታ እንደ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማ የነበረው የቫልቩ ድምፅ እየደበዘዘ ሄደ። እናቷም ልጄ ዳነችልኝ ብላ ደስ አላት። ድምፁ የደበዘዘው ግን በቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ነበር። ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ስትደርስ ቀኝ እጇም ዝሎ ነበር። ሐኪሞች በብዙ ድካም ከሞት አተረፏት፤ እጇ እንደ ቀድሞው እስኪሠራ ግን ወራት ፈጀ። ዛሬ በመዘምራኑ መካከል ስናያት እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ እኛም እንወቀሳለን።

በሀገራችን ብዙ ወጣቶችን ለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚዳርገው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ቁስለት ሲሆን በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ያጠቃል። ቁስለቱ በወቅቱ ካልታከመ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ ቫልቮች ሊጎዳ ይችላል። ጉዳዩ የዓለምም ስለሆነ የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ስለዚሁ ሕመም የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። በሀገራችን ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር አቋቁመው፣ ከብዙ ዓመታት ልመናና ድካም በኋላ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ከሕዝቡ በተዋጣ ገንዘብ ጭምር የተሠራ ቤት ነው። ከጅማ እስከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሕመምተኛው ያንን መንገድ ተመላልሶ ሲጨርስ የሚጠብቀው አጥቢያው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ አደጋውን እንወቅ። በቀዶ ሕክምናው የተከፈለው የደረት አጥንት እስኪገጥም ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ውኃ በጀሪካን መሸከም፣ ቡና መውቀጥ፣ ሕፃን ማዘል አይገባም። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት፣ የልብ ምት መዘበራረቅ፣ የአፍ መጣመም ወይም የእጅ መዛል፣ የማይቆም መድማት፣ የቫልቩም ድምፅ መደብዘዝ፣ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢታይ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተከለለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል። መጠኑ ቢያንስ ደም ይረጋል፤ ቢበዛ ሰውነት ይደማል። ስለዚህ የደም ምርመራው አይታለፍም። እንደ ጎመን ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳሉ። ይህን ስንል ጎመን አይብላ ማለታችን አይደለም፤ በጾም ወራት ድንገት አብዝቶ በፍስክ መተው ልኩን ስለሚያናጋ፣ አመጋገቡ የተመጣጠነ ይሁን፤ ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ሐኪሙን ያማክር። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ከሱቅ ተገዝተው የሚዋጡ እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችም መድማትን ያመጣሉ። ጥርስ ከማስነቀሉ በፊት ቫልቭ እንዳለው ይናገር። ያገባች እኅት ብትሆን፣ መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ፣ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታነጋግር።

ሦስተኛው ለእናንተ ለአባቶቻችን የምናቀርበው ልመና ነው። ሕመምተኛው ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የንስሐ አባቱን ቃል ይሰማል። ቤተ ክርስቲያናችን በኤች አይ ቪ ዘመን ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ አስተምራለች፤ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል። ስለዚህ ጠበል የሚጠመቀውን፣ መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ተጠመቅ በሉት፤ ያልጠገገ ቁስል ይዞ የመጣውን ደግሞ ቁስሉ እስኪድን አቆዩት። በሰሙነ ሕማማት ሕዝቡ ሲሰግድ፣ ደረቱ ያልገጠመለት ተቀምጦ ይጸልይ፤ እንደማይነቀፍበትም አስቀድማችሁ ንገሩት። የታመመ ሰው በጾም ሕግ እንደማይጨነቅ ፍትሐ ነገሥቱን የምታውቁ እናንተ ናችሁ። ለቁርባን ሲዘጋጅም የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙና ከእናንተ ጋር ይምከር እንጂ አያቋርጠው።

አራተኛ፣ ገና ያልታመሙትን እናስብ። የአብነት ተማሪዎቻችን በዕድሜያቸውም፣ በጠባብ ጎጆ ተፋፍገው በማደራቸውም ለዚህ ሕመም ቅርብ ናቸው። አንዱ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋውም፤ ሌላ ቁስል ይጨምርበታል እንጂ። ጤና ጣቢያ ወስደን በፔኒሲሊን እናሳክመው። ልቡ ተነክቷል የተባለ ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌውን እንዳያቋርጥ፣ ቀኑን ከበዓላቱ ጋር በቀን መቁጠሪያችን ላይ እንጻፍለት።

በእኛ አጥቢያ አሁን ለእያንዳንዱ የልብ ሕመምተኛ አንድ ኃላፊ መድበናል። ሥራው ሦስት ነገር ነው፤ የቀጠሮ ቀኑን ማስታወስ፣ መሳፈሪያውን ከሰበካው መቀበል፣ ሲመለሱ ምርመራው ምን እንዳሳየ መጠየቅ። ለቀዶ ሕክምና ከሚሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ሳይነካ ለክትትል ይቀመጣል። ለአንድ ጉዞ የሚበቃው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ እኛ ግን ያችን ትንሽ ነገር በመርሳታችን፣ በብዙ ሰው ልግስና የተጠገነች ልብ ልትቆም ነበር።

ገንዘብ ስናሰባስብ ሕዝቡ ሁሉ አብሮን ነበር። ልጅቱ በቡናው መንደር ትንፋሽ ሲያጥራት ግን ከእናቷ በቀር ማንም አልነበረም። ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ በአካባቢያችሁ ልቡ የታከመ ማን እንዳለ ጠይቁ፤ ቀጣዩ ቀጠሮው መቼ እንደ ሆነም ጻፉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።