አሮጌው የስልክ እጀታ



በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ቤት አቧራ ለብሰው ከተከመሩት ነገሮች አንዱ ጥቁሩና ከባዱ የቀድሞ ስልክ ነው። ቁጥሩ በጣት የሚዞረው ይህ ዕቃ ዘመኑ አልፎበታል ተብሎ የሚጣልበትን ቀን ይጠብቃል። ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁትም ስለዚሁ ስልክ፥ ይልቁንም ከጆሮና ከአፍ ስለምናስጠጋው እጀታው ነው።

ይህ እጀታ ሁለት ነገሮችን በአንድነት የያዘ ነው። በጆሮው በኩል ማግኔትና ስስ ብረት አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ብረቱ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ ይሰጣል። በአፉ በኩል ደግሞ የከሰል ፍርፋሪ የተሞላ ትንሽ ክብ ዕቃ ይገኛል። ሰው ሲናገር የድምፁ ግፊት ፍርፋሪውን ያጠብቀዋል፥ ያላላዋልም፤ በውስጡ የሚያልፈውም ኤሌክትሪክ በዚያው ልክ ይበዛል፥ ያንሳልም። የከሰሉን ፍርፋሪ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1878 ለስልክ ያዋሉት ሄንሪ ሀኒንግስ የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ ነበሩ። በአገራችን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ በገባ ጊዜ የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ካህናት እንደ ነበሩ ሲተረክ ለሰማን ሰዎች፥ ይህ የሚያስደንቅ ነው።

እንግዲህ ጆሮና አፍ በአንድነት ያለው ዕቃ ለመገናኛ ራዲዮ የተሰናዳ ያህል ነው። በስልክ የሚያልፈው የሰው ድምፅ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ገደማ ሲሆን፥ ለንግግር ብቻ የተሠራ ራዲዮም ከዚህ የበለጠ አይፈልግም። ሁካታ ባለበት ክፍልም ቢሆን እጀታውን ከጆሮው ያስጠጋ ሰው መልእክቱን ለብቻው አጥርቶ ይሰማል።

ይህን ተስፋ አድርጌ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እጀታ ከሚጣሉት ዕቃዎች መካከል አንሥቼ ከመገናኛ ራዲዮ ጋር አገናኘሁት። ደከም ብሎ ቢሆንም መስማቱን ሰማሁ፤ ብናገር ግን በሌላው ክፍል ያለው ባልደረባዬ አንዳች አልደረሰውም። የማይረባ ነው ብዬ ልጥለው ስነሣ፥ ጡረታቸው የቀረበ አንድ የቴክኒክ ሠራተኛ እጄን ያዙኝና፥ «ልጄ፥ ይህ አልሞተም፤ ምግቡን ነፍገኸዋል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ከሰሉ በእርሱ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይለዋውጣል እንጂ ራሱ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ሽማግሌው ትንሽ ባትሪና ሬዚስተር አገናኙለት፤ የባትሪው ኤሌክትሪክ ወደ ራዲዮው እንዳይገባ በመካከል ካፓሲተር አኖሩ፤ ለመናገር ሲፈለግ የሚጫኑትን ቁልፍም ጨመሩ። በመጨረሻም ተጣብቆ የቆየው ፍርፋሪ እንዲላላ እጀታውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ያን ጊዜ ድምፄ ተሻገረ።

ከአንድ ወር በኋላ ሽማግሌው በጡረታ ሲሰናበቱ ሻይ ጠጣን፥ አጨበጨብንም። ነገር ግን በብዙ ዘመን የሰበሰቡትን ዕውቀት ጠይቆ የጻፈ ከመካከላችን ማንም አልነበረም። እኔም ብሆን የያዝሁት ስለ እጀታው የነገሩኝን ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። እጀታው ዛሬም ይሠራል፤ የቀረውን የምጠይቃቸው ሰው ግን ከአጠገቤ የለም።

ይህን ለመሞከር የምትሹ ሁሉ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፥ እጀታውን ከስልክ መሥመር ፈጽሞ ሳትለዩ አትንኩት፤ ደወሉን የሚያስጮኸው ኤሌክትሪክ ይጐዳልና። ሁለተኛ፥ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይገኝ በራዲዮ መናገር በሕግ የተከለከለ ነው።

ከዚህ የቀረው ምክሬ አጭር ነው። አንድን ዕቃ አሮጌ ነው ብለን ከመጣላችን በፊት የጐደለው ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ የሚያውቁትንም ሰዎች ከመሸኘታችን በፊት ብዕርና ወረቀት ይዘን ከአጠገባቸው እንቀመጥ።

በዚሁ አበቃለሁ።