አልገጥምም የሚል ቱቦ
ለሕክምና መሣሪያ ምሕንድስና ምሩቃን የቀረበ የምረቃ ንግግር



ይህ በዓል በመርካቶ፣ በአንዋር መስጊድ ሰፈር መከበሩ ለዕለቱ ርእሰ ጉዳይ የተመቸ ነው። በዚህ ገበያ ጥሩ ዕቃ የሚባለው ከብዙ ነገር ጋር የሚገጥመው ነው፤ የምናለሽ ተራ ባለሙያዎች ከተጣለ ብረትና ፕላስቲክ አገልግሎት የሚሰጥ ዕቃ የሚያወጡት፣ የውኃ ቱቦ ሻጩም ጠባቡን ከሰፊው የሚያገናኝ መጋጠሚያ የማያጣው፣ ብልሃት ካለ የማይስማማ ነገር የለም በሚል የቆየ የሙያ እምነት ነው። በሕክምና ቱቦ ላይ ግን ይኸው ለሁሉ የመስማማት ጠባይ ሕይወት ያጠፋል።

አንድ ጽኑ ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ ብዙ ቱቦ ሊኖረው ይችላል፤ ጉሉኮስና መድኃኒት በክንዱ ደም ሥር በገባው ካኑላ በኩል ሲገባ፣ ምግብ በአፍንጫው አልፎ ጨጓራ በሚደርስ ሌላ ቱቦ ይወርዳል፣ ሽንቱም ካቴተር በሚባለው ቱቦ ይወጣል። ከእነዚህ የብዙዎቹ ጫፍ ለረጅም ዘመን አንድ ዓይነት ነበር፤ ይህም በ19ኛው መቶ ዘመን ለመርፌና ለስሪንጅ የተፈለሰፈው፣ በ6 በመቶ እየጠበበ የሚሄደው ሉየር የተባለ ሾጣጣ መጋጠሚያ ነው። ለጨጓራ የታሰበ ምግብ ወደ ደም ሥር የገባበት፣ በደም ሥር ብቻ የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የተባለ የካንሰር መድኃኒትም በስሕተት ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ተወግቶ ሕመምተኞች የሞቱበት አንዱ ምክንያት ጫፎቹ ሁሉ እርስ በርስ መግጠማቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ቪንክሪስቲን በስሪንጅ ሳይሆን በትንሽ የፈሳሽ ከረጢት ተበርዞ እንዲሰጥ ያሳሰበው፣ ከረጢትን ከአከርካሪ መርፌ ጋር ማገናኘት ለማንም ስለማይቀናው ነው። ኢሶ 80369 የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ስብስብ ደግሞ መፍትሔውን ወደ መጋጠሚያው ቅርጽ አመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጡት ክፍሎቹ የምግብ ቱቦ፣ የአከርካሪ መርፌና የደም ሥር መሥመር ለየራሳቸው የተለያየ ጫፍ ስለተሰጣቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ አልገባም ይላል።

የዚህ ለውጥ ትልቁ ቁም ነገር ጥንቃቄን ከሰው ትከሻ ወደ ዕቃው ማዛወሩ ነው። በግድግዳ ላይ «ተጠንቀቁ» ብሎ መለጠፍ፣ በሌሊት ተረኛነት ብዙ አልጋ ለምትዞር ነርስ ያለባትን ሸክም አያቀልላትም፤ ቅርጹ የተለየ መጋጠሚያ ግን መብራት ቢጠፋም፣ እጅ ቢደክምም ሥራውን ይሠራል።

ሌላው የቱቦ አደጋ መደፈን ነው፤ ለዚህም ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የሚያክመው ሕመም ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ ሳቢያ በሽንት ፊኛና በሴት ብልት መካከል የሚፈጠር፣ ሽንትን ያለማቋረጥ የሚያፈስ ቀዳዳ ሲሆን፣ ቀዳዳው ከተሰፋ በኋላ ፊኛው ባዶ ሆኖ እንዲያርፍ ካቴተሩ ቀንም ሌሊትም ማፍሰስ አለበት። ቱቦው በፍራሹና በአልጋው ብረት መካከል ቢታጠፍ ወይም በረጋ ደም ቢደፈን፣ ፊኛው ሞልቶ ይወጠራል፣ ስፌቱም ሊተረተር ይችላል። በሌላ በኩል ቱቦው በቆየ ቁጥር የኢንፌክሽን ዕድሉ ይጨምራል፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ8 የአፍሪካ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀላል ለሚባለው ፊስቱላ 7 ቀን ከ14 ቀን እንደማያንስ ካሳየ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል ብሏል።

በነዚያ ቀናት ቱቦው እንዳይደፈን ከሚወስኑት አንዱ ውስጣዊ ስፋቱ ነው፤ ምክንያቱም ርዝመቱና ግፊቱ ሳይለወጥ የውስጡ ዲያሜትር በግማሽ ቢጠብ፣ የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ 16ኛ እጅ ይወርዳል። በማሸጊያው ላይ የሚታተመው ቁጥር ግን የሚናገረው ስለ ውጪው ነው፤ 18 የተባለ ካቴተር ውጪው 6 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያስረዳል እንጂ፣ ግድግዳው ቀጭን የሆነው የሲሊኮን ቱቦ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው የላቴክስ ቱቦ ይልቅ ውስጡ ሰፊ መሆኑን አይናገርም። ስለዚህ ዕቃ መራጭ የሆነ ባለሙያ ቁጥሩን ብቻ አንብቦ ቢያዝዝ፣ ጠባቡን ከሰፊው ሳይለይ ይቀራል።

የዛሬ ምሩቃን የሚሰማሩባቸው ሆስፒታሎች ዕቃቸው በአብዛኛው በግዢና በእርዳታ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፣ የድሮውና የአዲሱ መጋጠሚያ በአንድ መጋዘን መገናኘታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የሙያው ትልቁ ፈተና፣ አዲሱን የምግብ ቱቦ ከድሮው ስሪንጅ ጋር የሚያገናኝ አስማሚ እንዲሠራ የሚቀርብ ጥያቄ ይሆናል፤ አስማሚውን መሥራት ቀላል ነው፣ ነገር ግን በዓለም ዙሪያ ለዓመታት የተደከመበትን ጥበቃ በአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ያፈርሰዋል። ተገቢው መንገድ ቱቦውና ስሪንጁ በአንድነት እንዲቀየሩ አስቀድሞ ማቀድ፣ የመርካቶን ብልሃት ደግሞ የሽንት ከረጢቱን ከፊኛ በታች፣ ከወለልም ከፍ አድርጎ የሚይዝ የአልጋ ማንጠልጠያ በመሥራትና ቱቦ እንዳይታጠፍ በማድረግ ላይ ማዋል ነው፤ አስታማሚ ቤተሰብም ከረጢቱን ሲያፈስስ ምን መንካት እንደሌለበት ከዕቃው ቅርጽ ራሱ እንዲረዳ ማድረግ የዚሁ ሙያ አካል ነው።

ለዚህ ማዕረግ የበቃችሁ ምሩቃን፣ እንኳን ደስ አላችሁ። «አይገጥምም» ማለትን የሚያውቅ እጅ ይስጣችሁ፤ መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላችሁ።