የዓሣ ሞትና የውኃ ምስክርነት



በመስተዋት ገንዳ ዓሣ አኑሮ መመልከት ዓይንን የሚያሳርፍ ደስታ ነው። ከመሥሪያ ቤት ደክሞ የተመለሰ ሰው ለጥቂት ጊዜ ከገንዳው ፊት ቢቀመጥ የቀኑን ውጣ ውረድ ይረሳል፤ ልጆችም ምግቡን ለመስጠት ይሽቀዳደማሉ። ታዲያ ማታ ደኅና ሲዋኝ ያመሸው ዓሣ ሲነጋ ተገልብጦ ቢገኝ፥ ቍስል ሳይኖርበት፥ ሳይታመምም ቢሞት፥ ቤተ ሰቡ ምን ይላል? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ተራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ጥርጣሬን ወደ ቤት ያስገባል። ሠራተኛይቱ ሳሙና ነክራበት ነው፥ ትንሹ ልጅ ነካክቶት ነው፥ ትናንት የመጣው እንግዳ ዓይን በልቶት ነው ይባላል። ዓሣው አንድ ጊዜ ሞቷል፤ ያለ ማስረጃ የተወረወረው ቃል ግን በሰው ልብ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የዓሣ ነገር ሥሩ ውኃው ነውና ምርመራችን ከዚያ ይጀምር።

ዓሣ ያለ ቍስል እንደሚሞት በአገራችን ከጥንት የታወቀ ነው። የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ከውኃ ሲጨምሩት ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ሊቃውንት በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የተባለውን መርዝ አግኝተዋል፤ ይህም የዓሣው ሰውነት በኦክሲጅን እንዳይጠቀም ያግደዋል። ይኸው መርዝ ነፍሳትንም ይገድላል። እንግዲህ ነፍሳትን የሚገድል ነገር ዓሣንም ሊገድል እንደሚችል ከብርብራ እንማራለን።

ይህን ይዘን ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ወደ ሁምቦ እንውረድ። በቈላው የሁምቦ ክፍል የወባ ትንኝ ስላለ፥ ማታ ክፍሉን ፍሊት መንፋት የጥንቃቄ ሥራ ነው። ነገር ግን ዛሬ በየሱቁ በሚሸጡት ብዙ የነፍሳት መግደያዎች ውስጥ ያለው ፓይሬትሮይድ የተባለው መርዝ ዓሣን በጥቂት መጠን ይገድላል። ገንዳው ሳይከደን ፍሊቱ ተነፍቶ ቢታደር፥ ጠዋት ሠራተኛይቱን መክሰስ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ሁለተኛው ምክንያት የኦክሲጅን ማነስ ነው። ሞቃት ውኃ ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። ከአባያ በስተደቡብ ባለው በጫሞ ሐይቅ በ1978 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) አልጌ በብዛት መታየቱን የመረመረው ጥናት በ1982 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። አልጌ ቀን ኦክሲጅን ይሰጣል፥ ሌሊት ግን መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ አልጌ በበዛበት ውኃ፥ ሐይቅም ይሁን ገንዳ፥ ዓሣ የሚታፈነው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ሬሳውም ጠዋት የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ደግነት ነው። አብዝቶ መመገብ ዓሣን ይጎዳል፤ የተረፈው ምግብና የዓሣው ኵስ በውኃው ውስጥ አሞኒያ ይሆናሉና። በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ይለውጡታል፤ በአዲስ ገንዳ ግን እነርሱ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የቧንቧ ውኃም ክሎሪን ካለበት የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል።

እንግዲህ አደጋው ሲደርስ እንዲህ አድርጉ። የሞተውን ወዲያውኑ አውጡ፤ ሲበሰብስ ሌሎቹን ይመርዛልና። የቀሩት ከውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ አየር ያንሳቸዋል ማለት ነው፤ ከገንዳው ውኃ ሩቡን ያህል ለውጡ፥ ሁሉን በአንድ ጊዜ ግን አትድፉ። ለለውጡ የሚሆነውን የቧንቧ ውኃ በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን አሳድሮ መጠቀም ክሎሪኑን ይቀንሳል። ለአንድ ቀን ምግብ ከልክሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅም ሌላ ዓሣ ገዝታችሁ አትጨምሩ። ከዚያም ትናንት በቤቱ ውስጥ ምን እንደ ተነፋ፥ ምን እንደ ታጠበ፥ ስንት ጊዜ ምግብ እንደ ተሰጠ በወረቀት ጻፉ። ስትጠይቁም ለመክሰስ ሳይሆን ለማወቅ ጠይቁ፤ የፈራ ሰው እውነቱን ይደብቃልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምክንያቱ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ዓሣም ያረጃል፥ ከውጭ በማይታይ ሕመምም ይሞታል። ያን ጊዜ «አልታወቀም» ብሎ ነገሩን መዝጋት ከሐሰተኛ ምክንያት ይሻላል። ልጁ ሲያለቅስ «ለዓሣ ደግሞ ይለቀሳልን?» ብላችሁ አትዝለፉት፤ «ወደ ወንዙ ሄደ» ብላችሁም አትዋሹት። መሞቱን ንገሩት፤ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አብራችሁት ቅበሩ።

በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ሳንመረምር ፍርድ እንዳንሰጥ እንጠነቀቃለን። ይህ ልማድ ከቢሮው በር ላይ የሚቀር መሆን የለበትም። በቤታችን ያለች ሠራተኛና በቤታችን ያለ ሕፃንም ነገራቸው ሊመረመርላቸው ይገባል።